ለቤዝመንት ወለል ምን ይነጠፍ? ቫይኒል፣ ታይል፣ ምንጣፍና ሌሎቹ ሲነጻጸሩ

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ ወይም በሚኒሶታ ቤት የገዛ ሰው ቤዝመንቱን ለኪራይ፣ ለልጆች መጫወቻ ወይም ከአገር ቤት ለሚመጡ ወላጆች ማረፊያ ሊያዘጋጅ ሲነሳ፣ ወለል መሸጫ መደብር ውስጥ ቀድሞ የሚያየው «ዋተርፕሩፍ» የሚለውን ቃል ነው። ቃሉ ውሸት አይደለም፤ የሚናገረው ግን ስለ ዕቃው ብቻ ነው። ዕቃው ውሃ ቢነካው አያብጥም። ከሥሩ ስለገባው ውሃ የሚለው ነገር የለም። ቤዝመንት ውስጥ ጣጣ የሚያመጣው ደግሞ ይኸው ነው፦ ከኮንክሪቱ የሚተነው፣ በግድግዳው ጥግ የሚሰርገው፣ የውሃ ማሞቂያው ታንክ ሌሊት ሲቀደድ የሚለቀው።

ስለዚህ ከታች ያሉት ዕቃዎች ሁሉ በቅድሚያ የሚመዘኑት በአንድ ጥያቄ ነው፦ ውሃ የገባ ዕለት ምን ይተርፋል፣ ምን ይጣላል? ከፍታ፣ የወለሉ ልክነት፣ ለእግር ያለው ሙቀትና ዋጋ ከዚያ ቀጥለው ይመጣሉ።

ከመግዛት በፊት፦ ኮንክሪቱ ምን ይላል?

ኮንክሪት ደርቆ ቢታይም ከሥሩ ካለው አፈር እርጥበት እየሳበ በእንፋሎት መልክ ወደ ላይ ይለቃል። በአዳዲስ ቤቶች ከኮንክሪቱ ሥር ፕላስቲክ ይነጠፋል፤ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በተሠሩ ብዙ ቤቶች ግን የለም።

ቀላሉ መፈተሻ ይህ ነው። 18 ኢንች በ18 ኢንች የሆነ ግልጽ ወፍራም ፕላስቲክ ቆርጣችሁ አራቱንም ጠርዝ በቴፕ አሽጉና ቢያንስ ለ16 ሰዓት፣ ቢቻል ለሁለት ለሦስት ቀን ተዉት። አንድ ቦታ አይበቃም፤ በግድግዳ ጥግ፣ በመሃል፣ በደረጃው ሥርም ይደረግ። ከፕላስቲኩ ሥር ጠብታ ካለ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ፣ እርጥበቱ ከታች ነው። ጠብታው ከፕላስቲኩ በላይ ከሆነ ግን የአየሩ ነው፦ የበጋው ወበቅ ገብቶ ቀዝቃዛውን ወለል ሲነካ ወደ ውሃ ይለወጣል። ለዚያ መፍትሔው ዲሂዩሚዲፋየር (ከአየር እርጥበት የሚመጥ ማሽን) ገዝቶ የአየሩን እርጥበት 50 በመቶ አካባቢ መያዝ እንጂ ወለል መቀየር አይደለም።

ይህ ፈተና ችግር ካገኘ እመኑት፤ ካላገኘ ግን ሙሉ በሙሉ አትመኑት፣ በደረቅ ወር ሁሉም ቤዝመንት ደረቅ ነው። ትክክለኛ ቁጥር የሚፈልግ ሰው ኮንክሪቱን እስከ ውፍረቱ 40 በመቶ በስቶ በሚገባ መለኪያ ያስለካል። ውጤቱ በመቶኛ ይወጣል፤ አምራቾች ዋስትና የሚሰጡበት ጣሪያም (75፣ 80፣ 85 በመቶ እንደ ዕቃው) በመመሪያቸው ላይ ተጽፏል። ያንን ገጽ ከመክፈል በፊት ማንበብ ነው።

ሁለት ምልክቶች ሥራውን ሊያስቆሙ ይገባል። አንደኛው በግድግዳው ግርጌ ወይም በወለሉ ላይ የሚታይ ነጭ ዱቄት ነው፤ ውሃ አልፎ ሲተን ጥሎት የሄደ ጨው ነው። ሁለተኛው 9 ኢንች በ9 ኢንች የሆነ አሮጌ ታይል ነው፤ በተለይ ጥቁር ማጣበቂያ ያለው፣ አስቤስቶስ (ብናኙ ሲተነፈስ ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን) ሊኖርበት ይችላል። አትፈቅፍቁት፣ አትስበሩት፣ በማሽንም አትሞርዱት። ናሙና በላቦራቶሪ ይመርመር። ካልተላቀቀ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይነካ በላዩ ላይ ማንጠፍ ይቻላል።

ውሃው በዝናብ ጊዜ የሚገባ ከሆነ ገንዘቡ መጀመሪያ ወደ ውጭ ይሂድ። ጋተር (በጣሪያው ጠርዝ ያለው የውሃ አሸንዳ) ይጠረግ፤ የጣሪያ ውሃ መውረጃው ከቤቱ ራቅ ብሎ እንዲፈስ ይራዘም፤ በቤቱ ዙሪያ ያለው አፈር በመጀመሪያዎቹ 10 ጫማ ውስጥ 6 ኢንች ያህል ወደ ውጭ ይዝቀዝቅ። ሳምፕ ፓምፕ (ከወለሉ ሥር የተጠራቀመ ውሃን ወደ ውጭ የሚገፋ ፓምፕ) ካለ ባትሪ ይኑረው፤ ትልቁ ዝናብና የመብራት መጥፋት አብረው ይመጣሉ። ወለል ላይ ያለችውን የውሃ መውረጃ ቀዳዳ ደግሞ ለውበት ብሎ የሚሸፍን ሰው አይጠፋም፤ ታንኩ የፈሰሰ ቀን ይጸጸታል።

ስለ ኢንሹራንስም አንድ ነገር፦ የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ከውጭ የሚገባ ጎርፍን አይሸፍንም፤ የፍሳሽ ወደ ኋላ መመለስም ብዙ ጊዜ ለብቻው የሚጨመር ውል ነው። የፌዴራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስ ራሱ የቤዝመንት ወለል ንጣፍን አይከፍልም። እንግዲህ የሚበላሸው ንጣፍ ከኪሳችሁ ነው ብላችሁ አስቡት።

ደረጃው፣ ከፍታውና ልክነቱ

ብዙ ሰው የሚረሳው የደረጃውን የመጨረሻ እርከን ነው። አብዛኛው ክፍለ ግዛት በሚከተለው የቤቶች ኮድ መሠረት በአንድ ደረጃ ላይ ከሁሉ ረጅሙና ከሁሉ አጭሩ እርከን ከ3/8 ኢንች በላይ ሊለያዩ አይገባም። ወለሉን በ1 ኢንች ከፍ ስታደርጉ የታችኛው እርከን በዚያው ልክ ያጥራል። እግር ደግሞ የለመደውን ቁመት ጠብቆ ስለሚወርድ ይደናቀፋል፤ ተቆጣጣሪውም ይጥለዋል። 1/4 ኢንች የሆነ ቫይኒል በቀጥታ ቢነጠፍ ችግር የለም። ከሥሩ 7/8 ኢንች የሆነ የእንጨት ፓነል ከገባ ግን ጉዳዩን ቀድሞ ማሰብ ግድ ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ ከሆነም እንዲሁ፦ ለመኖሪያ ክፍል የሚጠየቀው ቁመት 7 ጫማ ነውና ያለቀለት ወለል ላይ ቆሞ መለካት ያስፈልጋል።

ልክነትን ለማየት 10 ጫማ የሆነ ቀጥ ያለ ጣውላ ወለሉ ላይ አጋድማችሁ በየአቅጣጫው ጎትቱ። እርስ በርስ ለሚቆለፉ ንጣፎች የተለመደው ገደብ በ10 ጫማ ውስጥ 3/16 ኢንች ነው። ውሃ ልክ ማስቀመጥ ይህንን አያሳይም፤ ወለሉ ወደ አንድ ጎን ቢያዘነብል ጉዳት የለውም፣ ጉድጓዱና ጉብታው ነው የሚጎዳው። ጉብታው ይሞረዳል፣ ጉድጓዱ ፕራይመር ተቀብቶ ራሱን በሚያስተካክል ሲሚንቶ ይሞላል። በመውረጃ ቀዳዳው ዙሪያ ኮንክሪቱ ሆን ተብሎ ስለሚጎደጉድ የንጣፉ ጥርስ (አንዱ ከሌላው የሚቆለፍበት ጠርዝ) መጀመሪያ የሚሰበረው እዚያ ነው።

ቫይኒል ፕላንክ

ዛሬ በብዙ ቤዝመንት የሚነጠፈው ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜም ምርጫው ትክክል ነው። እንደ ጣውላ የተቆረጠ፣ እርስ በርሱ የሚቆለፍ የፕላስቲክ ንጣፍ ነው፤ ልቡ (የመሃሉ ንብርብር) ሁለት ዓይነት ነው። ኤስፒሲ የሚባለው የድንጋይ ዱቄትና ፕላስቲክ ድብልቅ ሲሆን ጠንካራና ቀጭን ነው። ደብሊውፒሲ አረፋማ ስለሆነ ለእግር ይለሰልሳል፣ ግን የሶፋና የፍሪጅ እግር ይሰረጉድበታል። ለቤዝመንት ኤስፒሲ ይሻላል።

ሻጭ ስለ ውፍረት ሲያወራ እናንተ ስለ ላይኛው መከላከያ ንብርብር ጠይቁ። የሚለካው በሚል ነው፤ አንድ ሚል የኢንች አንድ ሺኛ ነው፣ ሚሊሜትር አይደለም። ለቤተሰብ 12 ሚል ይበቃል። ለተከራይ ወይም ለውሻ 20 ሚል። 8 ሚሊሜትር ውፍረት ኖሮት መከላከያው 6 ሚል የሆነ ፕላንክ ላዩ ቶሎ ይጫጫራል።

የሚበላሽባቸው መንገዶች ተደጋጋሚ ናቸው። ከጀርባው ስፖንጅ ለተለጠፈበት ፕላንክ «እንዲለሰልስ» ተብሎ ሌላ ስፖንጅ ሲጨመርበት፣ በተረገጠ ቁጥር ወደ ታች እየጎበጠ ጥርሱ ይሰበራል። በግድግዳው ዙሪያ ከ1/4 እስከ 3/8 ኢንች ክፍተት ካልተተወ፣ በሙቀት ሲለጠጥ መሃሉ ይነሳል። የኪችን ካቢኔት በላዩ ላይ በብሎን ከታሰረ፣ መንቀሳቀስ ያለበት ወለል አንድ ጎኑ ተቸንክሮ ሌላ ጎኑ መጋጠሚያው ይከፈታል፤ ስለዚህ ካቢኔት መጀመሪያ ይተከላል፣ ወለል ከዚያ እስከ እግሩ ይደርሳል። ጎማ ጀርባ ያለው ትንሽ ምንጣፍ ደግሞ ቫይኒልን ቢጫ አድርጎ ያቀልመዋል፤ እድፉ በማጽጃ አይለቅም።

በሙጫ የሚለጠፈው ቫይኒል ለቤዝመንት አይመከርም። ከኮንክሪቱ የሚወጣው እርጥበት አልካላይ ይዞ ስለሚመጣ ሙጫውን ያቀልጠዋል፣ በየመጋጠሚያውም ጥቁር ልጋግ ይወጣል።

ውሃ የገባ ዕለትስ? ፕላንኩ ራሱ ምንም አይሆንም። ከሥሩ የቀረው ውሃ ግን መውጫ ስለሌለው ሳምንታት ይተኛል፣ ይሸታል። ዞኮሎውን አንስቶ (እዚህ ቤዝቦርድ የሚሉትን ማለት ነው) ከአንድ ግድግዳ ጀምሮ ፕላንኮቹን እየፈቱ፣ በጀርባቸው ቁጥር እየጻፉ መደርደር፣ ኮንክሪቱን በቬንቲሌተርና በዲሂዩሚዲፋየር ማድረቅ፣ ከዚያ መመለስ ይቻላል። ሲፈታ የተወሰነው ጥርሱ ይሰበራል፤ ትርፍ ካርቶን ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ታይል

በውሃ ፊት ከታይል የሚበልጥ የለም። ፖርሴሊን ውሃ የሚመጠው ከክብደቱ 0.5 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ጎርፍ ቢገባ ይጠረጋል፣ ይወለወላል፣ አለቀ። ዕጣን ሲጨስ ፍም ቢወድቅበት አይቃጠልም፤ ቫይኒሉም ምንጣፉም ግን ለዘለዓለም የሚታይ ጠባሳ ይይዛሉ። እግረ መንገዳችንን፦ ለቡናም ሆነ ለዕጣን ከሰል ቤዝመንት ውስጥ አይቀጣጠል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ የቤዝመንት መስኮት ጠባብ ነው፣ ሰው ይገድላል። ለጀበናም ለዕጣንም የኤሌክትሪክ ማንደጃ አለ።

ችግሮቹ ሦስት ናቸው። ቀዝቃዛ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ያለ ነጠላ ጫማ አይረገጥም። ከሥሩ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ማንጠፍ ይቻላል፤ ብዙዎቹ በስኴር ፊት 12 ዋት ይፈጃሉ፣ ለ100 ስኴር ፊት 1,200 ዋት፣ በ120 ቮልት 10 አምፔር ማለት ነው፤ ለብቻው መስመር ይሳብለት። ከማሞቂያው ሥር መከላከያ ሰሌዳ ካልገባ ሙቀቱ በከፊል ወደ አፈሩ ይሄዳል፣ እናንተ ምድርን ስታሞቁ ትከርማላችሁ።

ሁለተኛው ስንጥቅ ነው። ኮንክሪቱ ላይ ያለ ስንጥቅ ሲንቀሳቀስ ታይሉን በዚያው መስመር ይሰነጥቀዋል። መሃሉ ላይ ስንጥቅን የሚነጥል ሜምብሬን ያስፈልጋል። የስንጥቁ ሁለት ጎኖች በከፍታ የሚለያዩ ከሆነ ግን ወለሉ እየሰመጠ ነውና ሜምብሬን አያድነውም፤ የመሠረት ባለሙያ ይጠራ።

ሦስተኛው የእጅ ሥራ ዋጋ ነው። ርካሽ ሠራተኛ ማጣበቂያውን አምስት ቦታ ጉብ ጉብ አድርጎ ታይሉን ይጭንበታል፤ በደረቅ ክፍል ቢያንስ 80 በመቶ፣ በመታጠቢያ ቤት 95 በመቶው የታይል ጀርባ መያዝ አለበት። ሲሠራ አንዱን ታይል አስነስቶ ጀርባውን ማየት መብታችሁ ነው። ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ታይል በኋላ ይለቃል። በታይሎቹ መሃል የሚሞላው ፉጋ ቡና እንዳይጠጣ ጠቆር ያለ ቀለም ይመረጥና መከላከያ ይቀባ።

ምንጣፍ

ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚነጠፈው ካርፔት ሞቃት ነው፣ ድምፅ ይውጣል፣ ለሥራውም ርካሽ ነው። ውሃ የገባ ዕለት ግን ከሁሉ ይብሳል። በ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ይጀምራል፤ ከሥሩ ያለው ስፖንጅ በማንኛውም ሁኔታ ይጣል፣ የፍሳሽ ውሃ ከሆነ ምንጣፉም አብሮ። አስም ላለበት ልጅ መኝታ አንመርጠውም።

ምንጣፍ ካልሆነ የማይሆንለት ሰው ካሬ ካሬ ሆኖ የሚሸጠውን ይመልከት። ብዙ ጊዜ 24 ኢንች በ24 ኢንች የሆኑ ቁርጥራጮች ናቸው፤ ሲረጥቡ እየነቀሉ ውጭ ማስጣት፣ ቡና የተደፋበትን አንዱን ብቻ መቀየር ይቻላል። ክሩ ፖሊፕሮፒሊን ወይም ናይሎን ይሁን፤ ሱፍና ጁት ጀርባ ለቤዝመንት አይሆኑም።

ሌሎቹ፣ በአጭሩ

*ኮንክሪቱን ራሱን ማሳመር።* የአገር ቤቱን ሊሾ ለሚወድ ሰው ጥሩ ነው፦ ተሞርዶ፣ ማጠንከሪያ ጠጥቶ፣ ቀጭን መከላከያ ተቀብቶ፣ በላዩ ታጥቦ የሚደርቅ ምንጣፍ ጣል ይደረግበታል። ኢፖክሲ (ሲደርቅ የሚጠነክር አንጸባራቂ ቅብ) ያምራል፣ ግን ከሥር የሚመጣ እንፋሎት እንደ ቆዳ ፊኛ አድርጎ ያነሳዋል። በማሽን ሳይሞረድ የተቀባ ደግሞ በዓመት ውስጥ ይላጣል።

*ላሚኔት።* ልቡ የተጨመቀ የእንጨት ዱቄት ነው። «ለ72 ሰዓት ውሃ ይቋቋማል» የሚለው ከላይ የፈሰሰን ነው፤ ከሥር ሲነካው ጠርዙ ያብጣል፣ አይመለስም። ቫይኒል በተቀራራቢ ዋጋ እያለ ለቤዝመንት የሚገዛበት ምክንያት አይታየንም።

*እንጨት።* ድፍን እንጨት ከመሬት በታች አይነጠፍም። ኢንጂነርድ የሚባለው (ላዩ ስስ እንጨት፣ ሥሩ ተነባብሮ የተጣበቀ)፣ አምራቹ ከመሬት በታች ከፈቀደና አየሩ ዓመቱን ሙሉ በቁጥጥር ሥር ከሆነ ይቻላል። ለዋጋው ግን ላይኛው ፎቅ ይገባዋል።

*የጎማ ንጣፍ።* ለስፖርት ክፍል ብቻ። በቀጥታ በኮንክሪት ላይ እንጂ በቫይኒል ላይ አይቀመጥ።

በሠንጠረዥ

ዋጋው ዕቃና ሥራን ደምሮ በስኴር ፊት የተሰጠ ሰፊ ግምት ነው፤ ወለል ማስተካከያ፣ አሮጌውን ማንሻና ዞኮሎ አልተካተቱም።

| ዓይነት | ከሥር እርጥበት | ውሃ ከገባ በኋላ | የሚጨምረው ከፍታ | ለእግር | ግምት (ዶላር) |
|---|---|---|---|---|---|
| ተቆላፊ ቫይኒል | ይችላል፣ በገደብ | ፈትቶ ማድረቅ | 1/4 ኢንች ገደማ | መካከለኛ | 4–9 |
| ፖርሴሊን ታይል | በጣም ይችላል | መወልወል | 1/2–5/8 ኢንች | ቀዝቃዛ | 10–22 |
| ወጥ ምንጣፍ | ደካማ | ብዙ ጊዜ ይጣላል | እስከ 1 ኢንች | ሞቃት | 3–7 |
| ካሬ ምንጣፍ | መካከለኛ | ነቅሎ ማድረቅ | 1/4–3/8 ኢንች | ሞቃት | 2–6 |
| የተቀባ ኮንክሪት | እንደ ቅቡ | መወልወል | የለም ማለት ይቻላል | ቀዝቃዛ | 1–10 |
| ላሚኔት | የለውም | ይጣላል | 3/8–1/2 ኢንች | መካከለኛ | 3–7 |
| ኢንጂነርድ እንጨት | ደካማ | ብዙ ጊዜ ይጣላል | 1/2 ኢንች ገደማ | ጥሩ | 9–18 |

ለማን የቱ?

ለኪራይ የሚዘጋጅ ቤዝመንት፦ መኝታና ሳሎኑ 20 ሚል ኤስፒሲ ቫይኒል፣ መታጠቢያ ቤቱ፣ የልብስ ማጠቢያውና የውሃ ማሞቂያው ክፍል ታይል። ተከራይ ሲለቅ አንድ ፕላንክ መቀየር ሙሉ ምንጣፍ ከመቀየር ይቀላል።

ማኅበርና በዓል የሚደረግበት፣ ሃምሳ ሰው የሚገባበት ትልቅ ክፍል፦ ታይል፣ ገንዘብ ካለም ከነማሞቂያው። ወጥ ይደፋል፣ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ ወንበር ይጎተታል። የታይል ዋጋ ከበዛ ግማሹን ታይል፣ ሶፋው ያለበትን ጎን ቫይኒል ማድረግም ያስኬዳል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ያለው የከፍታ ልዩነት ግን ቀድሞ ይሰላ፣ ከዚያ መሸጋገሪያ ይመረጥለት።

ለአዛውንት ወላጆች መኝታ፦ ሙቀትና አለመንሸራተት ይቀድማል። ላዩ ሸካራ የሆነ ቫይኒል ወይም ካሬ ምንጣፍ። ደረጃው ላይ ያለውን የእርከን ልዩነት እዚህ ላይ በእጥፍ ተጠንቀቁ። ክፍሉ በጣም ከቀዘቀዘና ቁመት ካለ፣ 1 ኢንች የአረፋ ሰሌዳ በኮንክሪቱ ላይ፣ በላዩም ሁለት ንብርብር ኮምፔንሳቶ መጋጠሚያቸው ተዛንፎ ቢነጠፍ የእግር ቅዝቃዜው ይጠፋል። ከፍታው ግን 2 ኢንች ይደርሳል፤ ውሃ በሚገባበት ቤትም አይሞከርም።

ባለፉት ዓመታት ውሃ የገባበት ቤት፦ ሁለት ዝናባማ ወቅት እስኪያልፍ ኮንክሪቱን ቀብቶ ምንጣፍ ጣል ማድረግ። የውጭው ሥራ መያዙ ከታየ በኋላ ታይል ወይም ቫይኒል።

በጀቱ ያጠረበት፦ ካሬ ምንጣፍ በራስ እጅ። ቢላዋና ሜትር ይበቃል።

መጠኑና ውሉ

24 ጫማ በ28 ጫማ የሆነ ክፍል 672 ስኴር ፊት ነው። ለቁርጥራጭ 10 በመቶ ሲጨመር 739 ይሆናል፤ ታይል በሰያፍ የሚነጠፍ ከሆነ 15 በመቶ ይያዝ። ካርቶኑ 23.8 ስኴር ፊት ከያዘ 739 ለ23.8 ሲካፈል 31.05 ይወጣል፣ 32 ካርቶን ይገዛል። ቫይኒሉ ከመነጠፉ በፊት መመሪያው የሚለውን ያህል፣ ብዙ ጊዜ 48 ሰዓት፣ በራሱ በክፍሉ ውስጥ በጀርባው ተጋድሞ ይቆይ፤ ከቀዝቃዛ ጋራዥ አምጥቶ ወዲያው ማንጠፍ ክፍተት ያመጣል።

ኮንትራክተሩ የምታውቁት ሰው ቢሆንም እነዚህ በጽሑፍ ይግቡ፦ የኮንክሪቱ እርጥበት በማን ይለካል፤ ማስተካከያ ሲሚንቶ ካስፈለገ በከረጢት ስንት ነው (ሒሳቡ መሃል ላይ የሚያብጠው እዚህ ነው)፤ አሮጌውን ማን ያነሳል፣ የት ይጥላል፤ በሮቹን ከታች ማን ይቆርጣል፤ ዞኮሎ ተነስቶ ይመለሳል ወይስ አዲስ ይገዛል። ክፍያውም በሦስት ይከፈል፤ የመጨረሻው፣ ዞኮሎው ተመትቶ በሮቹ ሳይፋቁ መዘጋታቸው ከታየ በኋላ።

ካርቶኖቹ ላይ ያለው የምርት ቁጥር አንድ ዓይነት መሆኑን መደብሩ ውስጥ እያላችሁ ተመልከቱ፤ ቁጥሩ ከተለያየ ቀለሙ በትንሹ ይለያያል። ሁለት ካርቶን ትርፍ አስቀምጡ፣ አጋድማችሁ፣ ከወለሉ ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ።